የአደባባዩ ሙዚቃና የጎረቤቱ እንቅልፍ

በአንድ የእሑድ ምሽት በሞያሌ የጦር ሠፈር ክበብ ውስጥ ከግዳጅ ነፃ የሆኑ የሠራዊቱ አባላት ከባለቤቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ነበር። በመስኮቱ ይታይ የነበረው በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተካሄደ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ሕዝቡ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በተሠሩት ደረጃዎች ላይ ሞልቶ፣ መብራቱ ሰማዩን እየጠረገ፣ የከበሮው ምት የክበባችንን አሮጌ ድምፅ ማጉያ እያንቀጠቀጠ ሳለ፣ አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት በጉልበታቸው ላይ የያዙትን ሕፃን እያባበሉ፣ ለመሆኑ በዚያ ሠፈር ያሉ አራሶች ዛሬ እንዴት ሊያድሩ ነው ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው በሳቅ ተጀምሮ በክርክር ቀጠለ። አንድ ወጣት ወታደር፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ደጃፉ ድረስ የመጣለት ሰው እንቅልፍ አያምረውም ብሎ መለሰ። አንድ አንጋፋ ሻምበል ባሻ ደግሞ ሌሊቱን በዘብ ያደረ ሰው ቀን ለመተኛት ምን ያህል እንደሚቸገር አስታወሱት። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቴሌቪዥኑም ተረሳ። ክርክሩ ከአንድ ምሽት የሚበልጥ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ የቤተሰብ ዓምዳችን ልናነሣው ወደድን። በከተማ መካከል የሙዚቃ አደባባይ ሲሠራ ነዋሪው ምን ይላል? እንዲህ ያለው አደባባይ ወደ ሞያሌ ቢመጣስ እኛ ምን እንላለን?

መስቀል አደባባይን ከአንባቢዎቻችን የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያ በሰልፍ አልፈናል። ይሁን እንጂ አደባባዩ ለሙዚቃ ብቻ ተብሎ የተሠራ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስሙን ያገኘው መስከረም 16 ቀን ከሚለኮሰው ደመራ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አብዮት አደባባይ ተብሎ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ስም ሲጠራ ቆይቷል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የመሰለ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰበሩት እዚያው ነው። በአደባባዩ ጥግ ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል። ለዘፈን የሚመጣ ወጣት ከሙዚየሙ አጠገብ ቆሞ ያጨበጭባል ማለት ነው። ይህን ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አይመስለንም። ሰው በኀዘን በተሰበሰበበት ስፍራ በደስታም ሊሰበሰብ ይገባዋል እንላለን፤ ይህ ሲሆን ግን የቦታውን ታሪክ ማወቅ ይኖርበታል።

በአደባባዩ ላይ ከተካሄዱት የሙዚቃ በዓላት ሁሉ በሽማግሌም በወጣትም አንደበት ዛሬም ድረስ የሚነሣው ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የዋለው ነው። ያን ዕለት የጃማይካዊው ዘፋኝ የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት ቀን በነፃ የሙዚቃ ዝግጅት ተከበረ። ባለቤቱ ሪታ ማርሊና ልጆቹ፣ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ፣ ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል በአንድ መድረክ ተሰለፉ። የመግቢያ ዋጋ አልነበረም፤ አጥርም አልነበረም። ሱቅ በደረቴ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ በአንድ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። በዕለቱ እዚያ እንደነበሩ የነገሩን አንድ የሥራ ባልደረባችን ዛሬ የሚያስታውሱት ዘፈኑን ሳይሆን፣ ከጎናቸው የተቀመጡት አንዲት አሮጊት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማደላቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአደባባዩ በኩል ማለፍ ጀመረ። ቀጥሎም ከማዘጋጃ ቤት እስከ መስቀል አደባባይ የተዘረጋው የግንባታ ሥራ በ2 ቢሊዮን ተኩል ብር ተካሂዶ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመሬት በታች 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠራ፤ ከላይ ደረጃዎቹ ታደሱ፤ ትልልቅ የምስል ሰሌዳዎች ቆሙ። ቀድሞ መኪና ይርመሰመስበት የነበረው ስፍራ መኪናውን ወደ ምድር ውስጥ ሰድዶ ላዩን ለእግረኛው ለቀቀ። በከተማ መካከል ለእግረኛ የሚለቀቅ መሬት ውድ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነዋሪው ግን በአንድ ድምፅ አልተናገረም። ደስ ያላቸው፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት ንጹሕ ስፍራ አገኘን አሉ። ሌሎች ደግሞ ገንዘቡ ለውኃና ለመኖሪያ ቤት ቢውል ይሻል ነበር ሲሉ ተቹ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕዝብ በስፋት አልተመከረበትም የሚል ቅሬታም ተሰማ። በአጭሩ የምናልፈው ቅሬታ አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የሯጮቹ ነገር ነው። መስቀል አደባባይ በንጋት የሯጭ ነው። ሰማዩ ሳይቀላ ጀምሮ ወጣቶች በደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። የጂምናዚየም ዋጋ መክፈል የማይችለው፣ ከገጠር መጥቶ ዕድሉን በእግሩ የሚፈልገው ልጅ ሳንባውን የሚያሰፋው እዚያ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በዓመት አንድ ቀን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዚያው ስፍራ ይሰበስባል። ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜ ቦታው ታጥሮ ስለነበር እነዚህ ሯጮች ሌላ ሜዳ ለመፈለግ ተገደው ነበር። በውትድርና ትምህርት ቤት በንጋት ሮጠን ላደግነው ለእኛ ይህን መረዳት አይከብደንም። በምሽቱ ዝግጅት ማግሥት በደረጃው ላይ የተሰበረ ጠርሙስ የሚያገኘውም ይኸው ሯጭ ነው። ስለሆነም የአንድ አደባባይ ባለመብት በምሽት የሚመጣው ብቻ እንዳልሆነ፣ በንጋት የሚመጣውም እንደሆነ ልብ ይሏል።

የሃይማኖት ጉዳይም አለ። ለኦርቶዶክሱ ምእመን ስፍራው የደመራው ስፍራ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሙስሊም ወገኖች በዚያው አካባቢ የጎዳና ኢፍጣር ሊያደርጉ በተነሡ ጊዜ ክርክር ተነሥቶ፣ ቀኑም ተላልፎ፣ በመጨረሻ በብዙ ሕዝብ ተካሂዷል። ዘፈንን ከሁለቱም ወገን የማይወዱ አሉ። በአንድ መሬት ላይ ደመራ፣ ኢፍጣር፣ ሩጫ፣ ሰልፍና ዘፈን እንዲስማሙ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም በሞያሌ ለምንኖረው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አዛንና ደወል በየዕለቱ በአንድ ሰማይ ሥር እንሰማለን።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ክበባችን ውስጥ የነበረው ክርክር አብዛኛው ሰው ስለ ድምፅ ባሕርይ በቂ ዕውቀት ስለሌለው በግምት የተካሄደ ነበርና።

ድምፅ የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከድምፅ ማጉያው 10 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የሆነ ሙዚቃ በ20 ሜትር 94፣ በ40 ሜትር 88 እያለ ሄዶ በ640 ሜትር ላይ 64 ይደርሳል። ግድግዳና ዛፍ ሲጨመር ከዚህም ይቀንሳል፤ ነፋሱ ወደ ሠፈሩ ሲነፍስ ደግሞ ይብሳል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ በመኖሪያ ሠፈር የሚፈቅደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከመድረኩ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ሰው እንኳ በገላጣ መሬት ላይ ከተፈቀደው በላይ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። በተለይ የከበሮና የቤዝ ድምፅ ሩቅ ይጓዛል፤ ግድግዳም አያቆመውም። ቃሉ ሳይሰማ ምቱ ብቻ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። እኒያ እናት የጠየቁት ጥያቄ እንግዲህ ተራ የእናት ሥጋት አልነበረም።

የሚያዳምጠውም ሰው ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ለሙዚቃ ሥፍራዎች ባወጣው ደረጃ አማካይ የድምፅ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ስፍራም እንዲዘጋጅ መክሯል። በመድፍና በመትረየስ አጠገብ ያገለገሉ አባሎቻችን የጆሮን ጉዳይ ከማንም የበለጠ ያውቁታል። እነርሱ ልጆቻቸውን ከድምፅ ማጉያው ሥር ሲያቆሙ ማየት ግን ዘወትር ይገርመናል።

ይህ ሁሉ ወደ ሞያሌ ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ የሚመጣው አስፋልት እዚህ ከናይሮቢ ከሚመጣው አስፋልት ጋር ይገናኛል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ተገኝተው የመረቁት የጋራ ድንበር ኬላ የሰውንና የዕቃን መተላለፍ አቃልሏል። ከተማዋ በስም አንድ፣ በመንግሥት ሁለት ናት። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ሰው ሲሻገር መታወቂያ ይጠየቃል፤ ድምፅን ግን የሚጠይቀው የለም። በኢትዮጵያ በኩል የተመታ ከበሮ በኬንያ በኩል የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ በዚያ በኩል የተሠረገውም ሠርግ እኛን ያሳድረናል። በዚያ ላይ ኬንያ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣችው የድምፅ ደንብ ከእኛ የጠበቀ ነው፤ በመኖሪያ ሠፈር ከቤት ውጭ የሚፈቅደው በቀን 50፣ በሌሊት 35 ዴሲቤል ነው። አንዱ ዘፈን በዚህ በኩል በደንብ ውስጥ ሆኖ ሳለ መንገዱን ሲሻገር ደንብ ሊያፈርስ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት የትኛው ዳኛ እንደሚቀመጥ የሚነግረን የሕግ ባለሙያ ብናገኝ ደስ ባለን።

አንድ የሚያቀል ነገር ግን አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪው ጎረቤታችን በቋንቋው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት የምንለውን እርሱም 3 ሰዓት ይለዋል። ቢያንስ ማብቂያ ሰዓት ለመስማማት አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ለሞያሌ እንዲህ ያለ መድረክ ያሻታል ወይ ብለን በሠፈራችንና በከተማው ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎችን ጠይቀን ነበር። ሻይ የሚሸጡት እናት ያለ አንዳች ማወላወል ይሠራ አሉ፤ አንድ የዘፈን ምሽት የሳምንት ገበያ ያህል ያስገኛል ባይ ናቸው። የሚያሳስባቸው ግን ወደ ቤት የሚመለሱበት ጨለማ መንገድ ነው። ሴት ልጆች ያሏቸው ወላጆችም ከመድረኩ ይልቅ የጠየቁን ስለ መንገድ መብራትና ስለ ሽንት ቤት ነበር። ይህን ስንሰማ አፈርን፤ እኛ ይዘን የሄድነው ጥያቄ ሁሉ ስለ ዘፈኑ ነበርና። ከብት ነጋዴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለገበያ የመጡ ግመሎችና ፍየሎች በከተማው ዳር የሚያድሩበት ሌሊት እንዳለ ገልጸው፣ በድንገተኛ ከበሮ የደነገጠ መንጋ ማን ይሰበስባል አሉን። በአዲስ አበባ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ያለ አይመስለንም።

ወጣቶቹ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ሞያሌ በዜና የምትነሣው ወይ በግጭት ወይ በኮንትሮባንድ ብቻ መሆኑ እንደሚያሳዝነው ነግሮናል። ለአንድ ምሽት እንኳ በዘፈን ብትነሣ ምናለ ብሎ ሲጠይቅ መልስ አጣን። በ2010 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ደም ፈስሶ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኬንያ መሸሹን የሚያስታውስ ሰው የልጁን ምኞት በቀላሉ አይጥለውም። በዚያው ዓመት ሰኔ 16 ቀን በመስቀል አደባባይ በሕዝብ መካከል ቦምብ ተወርውሮ ሁለት ሰዎች መሞታቸውንም አንረሳም። ስለዚህ ስለ መውጫ በር ስፋት፣ ስለ ፍተሻና ስለ አምቡላንስ መንገድ ስንናገር ወጣቱን ለማስፈራራት አይደለም። ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም የሚወጣበት ስፍራ ካልሆነ ዘፈኑ ራሱ አይጥምም።

ሠራዊቱ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አለመሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለን ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዘመናዊው የአገራችን ሙዚቃ በደንብ ልብስና በሰልፍ ሜዳ ያደገ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ድምፃቸውን አሰምተዋል። ሻምበል ባሻችን እንደሚሉት፣ የሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ወደ ጠረፍ ሲመጣ የጭነት መኪናው ጎን ወርዶ መድረክ ይሆናል። ፀሐይ በረድ ሲል ይጀመራል፤ ሳይጨልም ያበቃል። ሕፃናት ከፊት በመሬት ላይ፣ እናቶች በበርጩማ፣ ወንዶች ከኋላ ቆመው ያያሉ። በማግሥቱ የተሰበረ ጠርሙስ የለም፤ መኪናውም ወደ ቀጣዩ ጠረፍ ሄዷል።

እኛ ከዚህ ተነሥተን የራሳችንን አስተያየት እንሰጣለን። ሞያሌ መድረክ ያስፈልጋታል። ይሁን እንጂ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር የሚጠይቅ ሳይሆን፣ የተደለደለ ሜዳ፣ ጀርባው ወደ መኖሪያ ሠፈር የዞረ መድረክ፣ መብራት ያለው መንገድና ንጹሕ ሽንት ቤት ይበቃታል። ድምፅ ማጉያው የሚዞርበትን አቅጣጫ ለማስተካከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ቀን ቀጥሮ ከማሳወቅ በፊት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ቤት አንኳኩቶ መጠየቅ ይገባል፤ በሁለቱም የድንበር ወገን። ከላይ እንመለስበታለን ያልነው ቅሬታ ይኸው ነው። የመስቀል አደባባይ ነዋሪ የተቆጣው በዘፈን አይደለም፤ አለመጠየቁ ነው ያስቆጣው። የታመመ ያለበት ቤት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ ኀዘን የተቀመጠበት ቤት ካለ በአገራችን ባህል ጎረቤት ሠርጉን እንኳ ዝቅ ያደርጋል ወይም ቀን ይቀይራል። ማዘጋጃ ቤት ከጎረቤት ያነሰ ይሉኝታ ሊኖረው አይገባም።

በማብቂያው ሰዓት ላይ ግን እርስ በርሳችን እንኳ አልተስማማንም። ከዝግጅት ክፍላችን ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት በላይ አይለፍ ሲል፣ ግማሹ ሙዚቃ የሚሞቀው በዚያ ሰዓት ነው ይላል። ስለዚህ ፍርዱን ለአንባቢዎቻችን ትተናል። መድረኩ በየትኛው በኩል ቢሆን ይሻላል? በስንት ሰዓት ይብቃ? አስተያየታችሁን በጽሑፍ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ለክበቡ ተረኛ አስረክቡ። የሌሊት ዘብ ተረኞች ባለቤቶች አስተያየት በተለይ ይጠበቃል፤ እኒያ እናት የመጀመሪያውን ደብዳቤ አስቀድመው ሰጥተውናል።